ተሰርዟል ያለችው ፍቅርአዲስ

መካነ ሰላም ገበያ ገብታችሁ «ፍቅርአዲስ የት ናት?» ብትሉ ግማሹ ሰው አያውቃትም። «ተሰርዟል የት አለች?» ካላችሁ ግን ሁሉም በጣቱ ያሳያችኋል፤ ከጨው ነጋዴዎቹ ቀጥሎ ባና ደርድራ ተቀምጣለች። እኔ የአጥር ጎረቤቷ ነኝ። ይህን ስም ባወጡላት ሰዎች ስበሳጭ ዓመታት አልፈዋል። እሷ ግን ሲጠሯት ቀና ብላ «አቤት» ትላለች። አቤት ባለች ቁጥር እኔ እበግናለሁ።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ወንድ ልጆቿን ያሳደገችው በባና ንግድ ነው። የእኛን አገር ብርድ የሚያውቅ ሰው ያን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ሳይገዛ ክረምት አይገባም። ፍቅርአዲስ ወረኢሉ ድረስ በአውቶቡስ እየሄደች ከሠሪዎቹ ታመጣለች። ሠሪዎቹ ደግሞ ቀብድ ካልያዙ ጠጉር አይገዙም። ስለዚህ ብርዱ ሳይመጣ፣ አንድም ባና ሳይሸጥ፣ እጇ ላይ ገንዘብ ሊኖር ይገባል። ያን ገንዘብ የምታገኘው ከከተማው ብድርና ቁጠባ ነበር።

ብድርና ቁጠባው ለብቻዋ ለመጣች ሴት አያበድርም። አምስት ሴቶች ቡድን ሠርተው እርስ በርስ ዋስ ይሆናሉ፤ አንዷ ካልከፈለች አራቱ ይከፍሉላታል፣ ከተበላሸም የአምስቱም ስም አብሮ ይበላሻል። የፍቅርአዲስን ቡድን የመሠረቱት እሷና አሚራ ናቸው። አሚራ ሻሽና ሽርጥ የምትሸጥ፣ ንግግሯ አጭር፣ ሒሳቧ ንጹሕ የሆነች ሴት ናት። እሷና ፍቅርአዲስ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ እያገነፋች፣ አንዷ ስታዝን ሌላዋ እየተቀመጠች የኖሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ከሥጋው በቀር የማይካፈሉት ነገር አልነበረም።

ጦርነቱ ወሎ የገባ ጊዜ መሥሪያ ቤቱም ሱቁም ተዘጋ። ገበያው ሲመለስ የነጋዴው ሁሉ ወሬ ዕዳው ነበር፤ በዝግ ገበያ ምን ሸጦ ሊከፍል? በዚያ ሰሞን ነው ሞንታርቦ የጫነች መኪና በከተማው እየዞረች ማስታወቂያ የነገረችው። ፍቅርአዲስ እህል ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት ደጃፍ ተሰልፋ ነበር። ወፍጮው ይጮኻል፣ ሞንታርቦው ይንኮሻኮሻል። «ውድ ደንበኞቻችን፣ የብድር መክፈያ ጊዜው…» ካለ በኋላ ያለው ነገር በወፍጮው ተዋጠ። ሰውየው ያለው «ተራዝሟል» ነበር። ፍቅርአዲስ የሰማችው «ተሰርዟል» ነው።

እኔን የሚገርመኝ መሳሳቷ አይደለም። ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ስትጸልይበት የከረመችውን ቃል ሰማች፤ ማን ቢሆን ይሰማው ነበር። የሚያናድደኝ ያቺ መኪና ነገሩን አንድ ጊዜ ተናግራ፣ አቧራዋን አስነስታ፣ መሄዷ ነው። አንዲት ወረቀት ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ ምን ነበረበት? ፍቅርአዲስ እህሏን ወፍጮ ቤት ጥላ፣ እልል እያለች አሚራ ሱቅ ሮጠች።

«ተሰርዟል! አሚራዬ፣ ዕዳችን ተሰርዟል!»

«ማን አለ?»

«በሞንታርቦ ተነገረ እኮ! በጆሮዬ ሰማሁ!»

አሚራ ሰው ያለውን ሁሉ የምታምን ሴት አይደለችም። ይህን ግን ያለችው ፍቅርአዲስ ናት። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። የቀሩትም ሦስት ሴቶች፣ ወሬው ከማን እንደመጣ ሲሰሙ፣ ሌላ ሰው መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ፍቅርአዲስ ለመክፈያ ያስቀመጠችውን ለሠሪዎቹ ቀብድ ሰጠች። አሚራ ያስቀመጠችውን ይዛ ሁዳ የተባለች ሴት ልጇን ደሴ ኮሌጅ አስመዘገበች።

የተራዘመው ጊዜ አለቀ፤ ማንም አልከፈለም። በኋላ የብድር ሠራተኛው ቢያድግልኝ በእግሩ መጣ። ሰው የማያስቀይም፣ ጨዋ ወጣት ነው። ሴቶቹን ፍቅርአዲስ ቤት ሰብስቦ ወለዱንና ቅጣቱን ሲነግራቸው ሳቁበት። ማስታወቂያውን ከስልኩ አውጥቶ አነበበላቸው። ሳቁ ቆመ።

«ለመሆኑ ተሰርዟል ያላችሁ ማነው?» አለ።

አራቱም ዞረው ፍቅርአዲስን አዩ። እኔ የዚያን ቀን ስኳር ልበደር ገብቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ያን አተያይ እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። አምስቱም ስማቸው በማይከፍሉ ሰዎች መዝገብ ገባ። አሚራ ሌላ ባንክ ሞከረች፤ የባንኩ ልጅ ኮምፒውተሩን አየና «እናቴ፣ እዚህ ላይ ዕዳ አለብዎት ይላል» አላት። በስልክ የሚሰጠውን ትንሽ ብድር እንኳ ሞከረች። «ይቅርታ፣ ለአገልግሎቱ ብቁ አይደሉም» የሚል መልእክት መጣላት። ዕቃ የሚያቀብሏት ነጋዴዎች ወሬውን ሲሰሙ ዱቤ ከለከሏት። በመጨረሻ የሁዳን ክፍያ መቻል አቃታት፤ ልጅቱ ትምህርቷን አቋርጣ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ይኸው እስካሁን ከእናቷ ጋር ሻሽ ታጥፋለች።

አሚራ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ብትሳደብ ይሻል ነበር። ፍቅርአዲስ በሱቋ በር ስታልፍ ፊቷን ወደ ዕቃው ታዞራለች፤ በቃ። የገበያው ሰው ደግሞ ነገሩን ቀልድ አደረገው። ወንዶቹ ሻይ ቤት ዕዳ ሲጠየቁ «ፍቅርአዲስን ጠይቃት፣ ተሰርዟል» ይባባላሉ። ስሙ ከዚያ ተለጠፈባት።

ፍቅርአዲስ የራሷን ዕዳ ብቻ ብትከፍል ማንም አይወቅሳትም ነበር። እሷ ግን የሁሉንም ቅጣት እከፍላለሁ ብላ ተነሳች። እብድ ነሽ አልኳት። «ቃሉ ከእኔ አፍ ነው የወጣው» አለችኝ። የጆሮ ወርቋን ሸጠች። የፊት ለፊቷን ክፍል ለመምህር አከራይታ ከልጆቿ ጋር ጓዳ ገባች። ቀብድ የምትሰጠው ስላጣች የሌላ ነጋዴ ባና በኮሚሽን መሸጥ ጀመረች፤ ያውም በገዛ መደቧ ላይ ተቀምጣ። ደንበኛ መጥቶ «ያንቺ ባና እንደ ድሮው ነው?» ሲላት «የእኔ አይደለም ጌታዬ፣ የሰው ነው» ትላለች። ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር? አንድ ቀን ይህንኑ ስነግራት ተቆጣችኝ።

ዕቁብ ለመግባትም ለመነች። ሰብሳቢው አቶ ንጉሡ «ዕጣ ቢወጣልሽም አትወስጂም፣ መጨረሻ ነሽ። ዋስ የሚሆንሽ የለማ» አላት፤ ያውም በሰው ፊት። «እሺ» አለች። ሁሉም በየተራው ሲወስድ እያየች፣ እሷ ሳታጓድል ጣለች። ልጆቿ ጫማ ሲጠይቋት ዕቁቡን አስቀደመች፤ እዚህ ላይ እኔም አልደገፍኳትም፣ ተጣልተናል። መጨረሻ ላይ የወሰደችውን እንዳለ ይዛ ብድርና ቁጠባው ቢሮ ሄደች።

ቢያድግልኝ የተከፈለውን አስገብቶ ክሊራንስ ጻፈላት። ወረቀቱን ይዛ አጥሩን ሳትዞር በቀዳዳው ጠራችኝ። ደጋግማ አስነበበችኝ። «ከማንኛውም ዕዳ ነጻ ናቸው» ይላል። «ናቸው» ማለቱ ደስ ብሏት፣ «አንቱ ብለውኛል እኮ» እያለች ሳቀች። ያን ሳቅ ካየሁት ቆይቼ ስለነበር አለቀስኩ።

ግን ክሊራንስ ብድር አይደለም። አሁንም አምስት ሴት ያስፈልጋል። አሚራና ሁለቱ የድሮ ጓደኞች የየራሳቸውን ዋና ዕዳ ከፍለው ስለጨረሱ፣ አንዲት አዲስ ሴት ጨምረው አራት ሆነው አምስተኛ እየፈለጉ ነበር። እኔ ልግባላቸው ብል ደመወዝተኛ ቡድን ውስጥ አይገባም ተባልኩ። ይህን ሕግ ያወጣውን ሰው ባገኘው የምለው አለኝ። በዚያ ላይ የአሚራ ሱቅ ባዶ እየሆነ ነበር፤ ብድሩን ከፍቅርአዲስ ባልተናነሰ ትፈልገዋለች።

ረመዳን ሊገባ ሲል በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አውፍ ይባባላል፤ የተቀያየመ ይቅር ይላል። ፍቅርአዲስ ቴምር ገዝታ አሚራ ቤት ሄደች። «አውፍ በይኝ» ብላ በሩ ላይ ቆመች። አሚራ ትክ ብላ አየቻትና «አውፍ ብያለሁ። አላህም አውፍ ይበልሽ» አለቻት። ቴምሩን ተቀበለች። ፍቅርአዲስ ወደ እኔ ስትመለስ እግሯ መሬት አይነካም ነበር። ነገሩ አለቀ አለች። እኔም አለቀ ብዬ አብሬያት ተደሰትኩ።

ፍቅርአዲስ አምስተኛ ሆና ተመዘገበች፤ ከዒድ በዓል በኋላ አምስቱም ሊፈርሙ ቢሮ ተጠሩ። ፍቅርአዲስ ያለ እኔ አልሄድም ስላለች ተከትያት ሄጄ ከበሩ ጋ ቆምኩ። ቢያድግልኝ ደንቡን አነበበ፤ አንዷ ብትቀር ሌሎቹ እንደሚከፍሉ አስረዳ። ከዚያ እያንዳንዷን እያስነሳ ስለ ሌሎቹ ይጠይቃል። የአሚራ ተራ ደረሰ።

«ወይዘሮ አሚራ፣ ወይዘሮ ፍቅርአዲስን ያምኗታል?»

«አውፍ ብያታለሁ» አለች አሚራ።

«እሱ መልካም ነው። እኔ የጠየቅኩት ያምኗታል ወይ ነው።»

አሚራ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። ፍቅርአዲስ እንደ ተማሪ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር፣ መልሱን የምታውቀው መስሏት።

«አላምናትም» አለች አሚራ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ፍቅርዬ፣ አትቀየሚኝ። አውፍ ያልኩሽ ከልቤ ነው፣ ቂም የለኝም። ዋስ መሆን ግን ሌላ ነው። ልጄ እቤት ተቀምጣ ሳያት አላምንሽም። የምፈርመው አምስተኛ ስላጣን ነው።»

ቢያድግልኝ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንዲህ ከሆነማ እንዴት እጽፋለሁ?»

«የሚጻፈውን ጻፍ ልጄ። ፊርማዬ ይኸው።» ወረቀቱን ስባ ፈረመች።

የፍቅርአዲስ ተራ ሲደርስ ትነሳና ትወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ብሆን እወጣ ነበር። እሷ ግን ተነሳች፣ «ሁሉንም አምናቸዋለሁ» አለች፣ ከዚያ ፈረመች። ከቢሮው ስንወጣ እንኳን ደስ አለሽ ልላት አፌን ስከፍት «ተይኝ» አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት የተመኘችውን ብድር ባገኘችበት ሳምንት ምግብ እንኳ በወጉ አልበላችም።

የመጀመሪያው ወር ክፍያ ሲደርስ ግን ቀኑን ሳትጠብቅ ቀድማ ከፈለች። ደረሰኙን ይዛ በቀጥታ አሚራ ሱቅ ሄደች። ማንም አሳዪ አላላትም። አሚራ ደረሰኙን ተቀበለች፤ ማኅተሙን አየች፣ ቀኑን አየች፣ ገልብጣ ባዶውን ጀርባ ሁሉ አየች። ከዚያ መለሰችላት።

«ደግ» አለች። «የሚመጣውንም ወር አምጪልኝ።»

ፍቅርአዲስ ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። «አለቃሽ ናት? ደረሰኝ ተቆጣጣሪ ማን አደረጋት? ሁለተኛ እንዳትሄጂ!» አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለነበር ተከራዩ መምህር ሳይቀር ወጥቶ አየን።

«ዝም በይ እስቲ» አለችኝ፣ ለወረኢሉ መንገድ ሻንጣዋን እያሰረች። «አውፍ ያለችኝ ቀን እንኳ ተመለሺ አላለችኝም። ዛሬ ብላኛለች።»