ዱቡሻ ላይ የተነበበው በጀት

ልክነሽ ሲቀላ ገበያ ዳር ተወልዳ፣ አካውንቲንግ ተምራ፣ ጋሞ ደጋ ላይ ባለች ወረዳ የበጀት ባለሙያ ሆና ብዙ ክረምት አሳልፋለች። ሥራዋን ትወዳለች። በጀት ደግሞ ይወደዳል ወይ የሚል ካለ እሷን ይጠይቅ።

የሚያናድዳት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ግልጽነት ይኑር ተብሎ በጀቱ በየዓመቱ ቢሮው በር ላይ ይለጠፋል፤ የሚጎበኙት ግን ዝናብና ፍየል ናቸው። «ሰዉ የሚሰማው ዱቡሻ ላይ ነው» እያለች ኃላፊዋን አቶ ዘመድኩንን ስትነዘንዝ ኖረች። ዱቡሻ ጋሞዎች የሚመክሩበትና የሚታረቁበት ሜዳ ነው፤ እዚያ ቆሞ መዋሸት ነውር ብቻ ሳይሆን መቅሰፍት ያመጣል ይባላል። አቶ ዘመድኩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ከርመው፣ ዘንድሮ ንዝንዙ ሲያታክታቸው እሺ አሉ። መቼስ ባለሥልጣን ናቸውና የፕላስቲክ ወንበርና ድንኳን አስጭነው መጡ።

የአገር ሽማግሌው አቶ ዳልጮ ወንበሮቹን አይተው ፈገግ አሉ።

«እዚህ ሁሉም የሚቀመጠው ሣር ላይ ነው።»

አቶ ዘመድኩን ከነሱፋቸው ቁጭ አሉ። ሣሩ እርጥብ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከመረቁ በኋላ ልክነሽ በጀቱን በጋሞኛ አነበበች። የዱቡሻ ወግ ነውና ማንም አላቋረጣትም። ስትጨርስ አቶ ዳልጮ ተነሡ።

«ልጄ፣ አምና ምንጫችሁ ይገነባል ተብለን ነበር። የምንጩ በጀት የት ሄደ?»

ልክነሽ መልሱን ታውቃለች። በጀቱ ተዛውሮ ለቢሮው ፒካፕ ጥገና ውሏል። ዝውውሩን የጻፈችው እሷ፣ ያዘዙት አቶ ዘመድኩን። «ከበላይ አካል በወረደ መመሪያ» ብትል ያልፍላት ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ስንቴ ብላዋለች። እዚህ ግን ምላሷ እምቢ አላት። እውነቱን ብታወጣ ደግሞ ኃላፊዋ ሁለተኛ ወደ ዱቡሻ አያመጧትም፤ የስንት ዓመት ልፋቷ ገደል መግባቱ ነው።

«ለመኪና ጥገና ዋለ» አለች። «ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያዘዙኝ አቶ ዘመድኩን ናቸው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ሰው ሁሉ ወደ ኃላፊው ዞረ። እሳቸውም ሣር እየነጩ፣

«እውነቷን ነው» አሉ።

አቶ ዳልጮ አልተቆጡም።

«መኪናዋ አሁን ትሄዳለች?»

«ትሄዳለች።»

«እንግዲያው የእኛው መኪና ናት። ድንጋይና ጉልበት ከእኛ፤ ሲሚንቶውን እሷ ታመላልስልን።»

ሜዳው በሣቅ ሞላ። አቶ ዘመድኩንም ሣቃቸው አመለጣቸው፤ ቀለል ያላቸው ይመስል ነበር። ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉ።

«ልክነሽ፣ ለሲሚንቶው ዝውውር ጻፊ። ከውሎ አበል ቀንሺ፤ ከእኔው ጀምሪ።»

«ነገ ጠዋት ጠረጴዛዎ ላይ ይደርሳል።»

«የለም» አሉ አቶ ዳልጮ፣ «እዚሁ ይጻፍ።»

ልክነሽ ሣሩ ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን ጠረጴዛ አድርጋ፣ እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብላ እያነበበች ጻፈች። በሥራ ዘመኗ እንዲያ ደስ ብሏት የጻፈችው ዝውውር የለም።