የማይጠቅም ይጥፋ
የናይሮቢው የሞባይል ጌም ሠሪ ሙሲሊ ለሁሉም ነገር አንድ መድኃኒት ነበረው፦ "የማይጠቅም ይጥፋ!" ፓርላማ ውስጥ የሚያንቀላፉትን ሽማግሌዎችም ሆነ የእናቱን እጀታ የሌለው ድስት አይምርም። "አንድ ቀን እኔንም ሳትጥለኝ አትቀርም" ትለው ነበር እናቱ።

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ላይ ወያላ የነበረው አባቱ በተቀበረ ማግስት እናቱ መጣች።

"ያን አባትህ 'ማቻኮስ! አንድ ሰው የቀረው!' እያለ የሚጣራበትን ጌም ክፈትልኝ፤ ድምፁ ናፈቀኝ።"

ሙሲሊ ግን ቀደም ሲል ጌሙን ሲያድስ፣ ተጫዋቹ ሁሉ ጩኸቱን ዘግቶ ነው የሚጫወተው ብሎ የአባቱን ድምፅ ከነቅጂው አጥፍቶታል። ምን ብሎ ይንገራት? ጌሙን ከፈተላት። የጌሙ ማታቱ ያለ ወያላ ጭጭ ብሎ ነጎደ።

እናቱ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጠፈች።

"ድምፁን ጨምርልኝ እስቲ፣ ልጄ።"