ወጥ ሠሪዋ ናት!

ለእኛ ሰው መጽሐፍ ማለት ኦሪት ነው። ቄሱ ሲያነቡ ቆመን የሰማነው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ በክብር የሚቀመጠው። «መጽሐፍ ይዋሻል» የሚል ሰው በእኛ አገር አልተወለደም። ተረት ሌላ ነው፤ ተረት በር አለው። ተናጋሪው «ተረት ተረት» ይላል፣ ሰሚው «የመሠረት» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ጅብ ቢዳኝ ዝንጀሮ ቢያገባ የሚደነግጥ የለም። ይሻሽ ያጠፋችው ነገር ቢኖር ያን በር ሳታንኳኳ ዘው ማለቷ ብቻ ነው። በዚህ ሰበብ አንዲት ምስኪን አሮጊት ከገዛ ቤታቸው ሊነቀሉ ነበር። ጉድ እኮ ነው!

ይሻሽ የወገራ ልጅ ናት። አባቷ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቷ ሸክላ ሠሪ። ባሏን ሱዳን ቀብራ ብቻዋን እዚህ፣ የአባቶቻችን የአይሁዶች አገር፣ ገባች። ገና ዓመት ሳይሞላት ዕብራይስጡን እንደ ቆሎ ትቆረጥመው ጀመር፤ እኛ ኡልፓን፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ተቀምጠን «ይህ ወንበር ነው፣ ይህ ጠረጴዛ ነው» ስንል እሷ ከአውቶቡስ ሹፌር ጋር ትጣላለች። በፈረንጅ በሰማንያ ስድስት ሥራ አገኘች። ከኤን ጋኒም ሰፈር ጫፍ ላይ ባለ አሮጌ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ እንግሊዝ አገር የተወለዱ ሴት አሉ፤ ስማቸው ኤስቴር ነው። እሳቸውን ማጠብ፣ ማብሰል፣ መድኃኒት መስጠት፣ ማጫወት። ልጃቸው ሞሼ ጊቫት ሽሙኤል ነው የሚኖረው፤ ዓርብ ዓርብ ብቅ ይልና «እናቴ፣ የሚጦርሽ ሰው ከጠፋ ቤት አቮት ነው የምትገቢው» ብሎ ይሄዳል። ቤት አቮት ማለት የሽማግሌዎች ማደሪያ ነው። እማማ ኤስቴር ያንን ስም መስማት አይፈልጉም ትላለች ይሻሽ። አሁን ያሉበት ቤት ባላቸው የሠራው፣ ልጅ የወለዱበት ቤት ነው። ከዚያ የሚወጡት በሬሳ ሣጥን እንደሆነ ምለዋል።

እማማ ኤስቴር አንድ ሱስ ነበራቸው። ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አላቸው፤ ሁሉም የግድያ ታሪክ ነው፤ ሁሉም በትልቅ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ሽፋኑ ላይ ጨለማ፣ ጉም፣ አንዲት ብርሃን ያለባት መስኮት። ዓይናቸው ስለደከመ ማንበብ ትተዋል፤ ግን ሁሉንም በቃላቸው ይዘውታል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ይሻሽን ያስቀምጡና በቀስታ ዕብራይስጥ ያወሩላታል። መጀመሪያ እየጠረገች ትሰማ ነበር። ኋላ መጥረጊያውን ተደግፋ። ኋላ መጥረጊያውም ቀረ።

«ምን ዓይነት ሰዎች መሰሉሽ!» ትለኝ ነበር በሕንፃችን ደረጃ ላይ ስንገናኝ። «የቤቱ ጌታ ተገድሎ፣ ሬሳው ፎቅ ላይ ተጋድሞ፣ እነሱ የእራት ልብስ ይቀይራሉ! ለቅሶ የለ፣ ሙሾ የለ። አንዱ ሬሳ ነክቶ፣ ሰባት ቀን ተለይቶ መቆየት ሲገባው፣ በዚያው እጁ ኬክ ይቆርሳል! ሐኪም ነኝ ይላል ደግሞ።»

«ታዲያ ለምን ትሰሚያለሽ?»

«ማን እንደገደለው ላውቅ ነዋ!»

አንድ ቅዳሜ ሰንበት ከሰዓት ክፋር አቭራሃም ባለው ሕንፃችን፣ ይሻሽ ቤት ተሰብስበናል። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም አያ ካሳው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከእሳቸው ቃል የሚወጣ የለም። ጎረቤታችን ፋንትነሽም አለች፤ እሷ ያለችበት ቦታ ወሬ አይነጥፍም። ይሻሽ ጀመረች። ያለ «ተረት ተረት»፣ እንዲሁ፦

«እማማ ኤስቴር ከመጽሐፍ የነገሩኝ ነው። አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ነው። ጌትየው መጻሕፍት ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል።»

«ፎቅ አለው ቤቱ?» አለች ፋንትነሽ።

«አለው።»

«ዙሪያው ጥድ ነው?»

«ጥድ ነው። ዝም ብለሽ ስሚኝ እንጂ!»

ፋንትነሽ አያ ካሳውን አየቻቸው። እኔ እንኳ ያን ጊዜ ልብ አላልኩም። የእማማ ኤስቴር ቤት ፎቅ አለው፤ ዙሪያው ጥድ ነው፤ የመጻሕፍት ክፍል አለው፤ ባላቸውም ሞቷል። ይሻሽ ቀጠለች፦ የሟች የወንድም ልጅ አለ፣ ሐኪሙ አለ፣ ተጥሎ የተገኘ ጓንት አለ፣ ከባሕር ማዶ የመጣች ወጥ ሠሪ አለች።

«ወጥ ሠሪዋ ናት!» ጮኸ ቤቱ በሙሉ።

«ምን አድርጋ?»

«ከባሕር ማዶ ነው የመጣችው አላልሽም?» አሉ አያ ካሳው።

እንግዲህ ፍረዱ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከባሕር ማዶ ያልመጣ አንድ ሰው የለም። ግማሹ ፋብሪካ፣ ግማሹ ሰው ቤት የሚጠርግ ነው። ሁሉም በአንድ አፍ ወጥ ሠሪዋን አሰረ!

ነገሩ እዚያ ቢቀር መልካም ነበር። ፋንትነሽ ግን እግር አላት። ሰንበት ሳይወጣ ሕንፃው ሁሉ ሰማ፦ ያች ፈረንጅ ባሏን በተቆለፈ ቤት ውስጥ ጨርሳዋለች፤ ዓይኗ እንደ ጠርሙስ ሰማያዊ ነው፤ ቡዳ ናት። ልብ በሉ፣ እስከዚያ ቀን «እሳቸው» ነበሩ። ከዚያ ወዲያ «እሷ» ሆኑ። ሰውን ለመስቀል መጀመሪያ አክብሮቱን ነው የሚያወልቁለት።

አያ ካሳው ይሻሽን ጠሩና «ከነገ ጀምሮ አትሄጅም፤ የወንድሜን ሚስት ለቡዳ አላስበላም» አሉ። እሁድ ቀረች። ሰኞ ቀረች። ሰኞ ማታ ሞሼ ራሱ መጣ። ይሻሽን በር ላይ አቁሞ «ነገ ጠዋት ካልመጣሽ እናቴን ቤት አቮት አስገባታለሁ፤ አልጋ ይዣለሁ። በሰደር፣ እሽ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ወረደ። አንጀቱ አይላወስም እንዴ?

ይሻሽ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አያ ካሳው ቤት ገባች። እኔም ተከተልኳት። ፋንትነሽማ ቀድማን ተቀምጣለች።

«አያ ካሳው፣ የፈጠራ ነገር ነው እኮ! ሰው ተቀምጦ ከራሱ አውጥቶ የጻፈው ነው።»

«መጽሐፍ ላይ ነው ያለው አላልሽም?»

«መጽሐፍ ላይ ነው።»

«እና መጽሐፍ ይዋሻል?»

«የእንግሊዝ መጽሐፍ ይዋሻል።»

«የሚዋሽ ከሆነ ለምን ይጻፋል?»

 

«ሰው እንዲዝናና» አለች ይሻሽ።

«በሰው ሞት?» አሉ አያ ካሳው። በዚህስ አልፈርድባቸውም።

«እሽ ይሁን» አለች ይሻሽ። «ቡዳ ያላችሁት ግን የእኔን እናት ነው። እናቴ እንስራ ተሸክማ ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑባት ነበር። ሸክላዋን ይገዛሉ፣ ፊቷን ይሸሻሉ። የመንደሩ ልጅ ትኩሳት በያዘው ቁጥር አባቴ እንዳይገድሉት ጫካ አድሮ ይመለሳል። ማታ ጅብ ይሆናሉ ሲሉን እናንተ አልሰማችሁም? በዚያ ቃል ስንት ሰው ተቀበረ? አሁን ደግሞ አንዲት ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ላይ?»

 እኔ በልቤ አሁን ያፍራሉ፣ አሁን መሬት ያያሉ እላለሁ። እዚህስ ቢሆን ረቢዎቹ «አይሁድነታችሁ ይጣራ» ያሉን ባለፈው ዓመት አይደለም? ይህን ሁሉ የቀመሰ ሰው እንዴት አያፍርም?

አያ ካሳው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያ ውሸት ነበር» አሉ። «ይኸኛው እውነት ነው።»

በስመ እግዚአብሔር! ግድግዳውን በጭንቅላቴ ልመታው ምንም አልቀረኝ። ሰው የተሰደበበትን ስድብ እንደ ውርስ ዕቃ ጠቅልሎ ባሕር ያሻግራል?

ይሻሽ ግን አልጮኸችም። ተነሣች። «እሽ፤ የእርስዎ ቃል ነው» ብላ በሩ ጋ ደረሰች።

ያን ጊዜ አያ ካሳው «ለመሆኑ» አሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ። «ማን ነው የገደለው?»

«አላለቀም እኮ። እማማ ኤስቴር ናቸው የሚያውቁት። ነገ ቤት አቮት ከገቡ አለቀ፤ ከእሳቸው ጋር ገባ ማለት ነው።»

«እንዴ!» አለች ፋንትነሽ። «ሐኪሙስ? ያ ተገኘ ያልሽው ጓንትስ?»

«ምን አውቄ?»

ፋንትነሽ ወደ አያ ካሳው ዞረች። «አያ ካሳው፣ ምናለበት፣ ቀን ቀን ከሆነ? ፀሐይ ሳለ ቡዳ ምን ታደርጋለች?»

አያ ካሳው ጢማቸውን ጎተቱ፣ ተነፈሱ፣ ደግሞ ጎተቱ። በመጨረሻ ወደ ጓዳ ገብተው ነጭ ሽንኩርት ይዘው ወጡ። «በጨርቅ ቋጥረሽ አንገትሽ ላይ እሰሪ» አሉ። «ያላ፣ ሂጅ። ሰንበት ግን ጨርሰሽ እንድትነግሪን።»

ነጭ ሽንኩርት! አገር ቤት ጎረቤቶቻችን እኛን ሲያዩ በልጆቻቸው አንገት ላይ ያስሩት የነበረውን! ልናገር ስል ይሻሽ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ዝም በይ» አለችኝ በደረጃው ላይ። «ቡዳ ማለቱን ተዉ ካልኳቸው እስከ መሲሕ መምጣት አይተዉም። ነገ ጠዋት ግን በሩን መክፈት አለብኝ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሄደች። ነጭ ሽንኩርቱን ልጣ ከትፋ እማማ ኤስቴር ሾርባ ውስጥ ጨመረችላቸው። ጨርሰው በሉት አለችኝ።

ይኸው አራተኛ ወራችን። ሰንበት ሲደርስ አያ ካሳው ከሁሉ ቀድመው አልጋው ላይ ይሰየማሉ። ይሻሽ ትንሽ ትንሽ ትቆርስላቸዋለች፤ ዛሬ የሐኪሙ ጓንት፣ በሌላው ሰንበት የተቀደደ ደብዳቤ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለተኛ ሬሳ። እማማ ኤስቴር ቤታቸው ናቸው። ማንም ይቅርታ አላለም። ፋንትነሽ አሁንም «ያች ቡዳ ደኅና ናት?» ብላ ነው የምትጠይቀው። አንዲት አሮጊት በቤታቸው የሚያድሩት ሰው ልብ ስለገዛ ሳይሆን ሰው ወሬ ስለጠማው ነው። ይህ ጽድቅ ከሆነ እኔ አላውቅም።

ባለፈው ልብስ ስናሰጣ አፋጠጥኳት። «አንች፣ እውነቱን ተናገሪ፤ መጨረሻውን ታውቂዋለሽ አይደል?»

«ሳልጀምርላችሁ በፊት ነው ያወቅኩት» አለችኝ፣ አንሶላውን እያራገፈች።

«ማን ነው ታዲያ?»

«ወጥ ሠሪዋ አይደለችም። ከዚያ ወዲያ ለአንችም አልነግርሽም።»