በአጥር የተጠየቁት ጋሽ ደጀን

ጋሽ ደጀንን መርሳ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከስፌት መኪናቸው ድምፅ የሳቸው ሳቅ ይበልጣል። ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል። "በሽታው ለምዶኛል፣ ሌላ ሰው አይፈልግም" እያሉ ይቀልዳሉ። እኔ ናጅዋ አጥር የምንጋራ ጎረቤታቸው ነኝ።

ኮሮና የገባ ጊዜ "ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይብሳል" ሲባል ሰሙና በራቸውን ዘጉ። ይሄስ ባልከፋ! ግን ራሳቸውን የሚወጉትን የኢንሱሊን መርፌ የሚያመጡት ከወልድያ ሆስፒታል ነው። አንድ ቀን ባለቤታቸው ሂሩት በአጥሩ ጠራችኝ።

"ናጅዋ፣ መድኃኒቱ ሊያልቅ ነው። ሂድ ስለው፣ ያን ሁሉ ሰው መሀል ገብቼ ኮሮና ልሸምት ወይ ይለኛል። ካልሄደ ደግሞ ስኳሩ ይጥለዋል" ብላ አለቀሰች።

በዚህ ላይ ሌላ መጣ። "ጋሽ ደጀን ቤት ዋሉ" የተባለው ወሬ ሰፈሩን ሲዞር "ታመሙ" ሆኖ ቁጭ አለ። በኛ አገር የታመመ አለመጠየቅ ነውር ነው። ከገበያ መልስ ከጎረቤት ከተማዋ ከግራና የመጡ ደንበኞቻቸው ሳይቀሩ ደጃፋቸው ላይ ተኮለኮሉ። የያዙትስ? ማንጎ፣ ማር፣ ሚሪንዳ! ያ ረቢ! ለስኳር በሽተኛ ማር፣ ከሰው ለሚሸሽ ሰው ሕዝብ!

ደሜ ፈላ። በሩ ላይ ተገተርኩ።

"ወላሂ አንድ ሰው አይገባም!"

"ኧረ ናጅዋ፣ ጥየቃ እኮ ነው!"

"በአጥር ጠይቁ! መርፌያቸው ሊያልቅ ነው። የሚወዳቸው ካለ ከወልድያ ያምጣላቸው እንጂ ማር አይከምርባቸው!"

 ከዚያ የሚኒባስ ሹፌሩ ጁነይድ፣ "የሆስፒታል ካርዳቸውን ስጡኝ፣ ነገ ወልድያ ነኝ" አለ።

በማግስቱ መድኃኒቱን እንዳይሞቅ በፔርሙዝ ይዞ ሲመጣ፣ ሰዉ አፉን በነጠላ፣ በሻርፕ ሸፍኖ፣ ተራርቆ በአጥሩ ዙሪያ ይጠብቃል። ሂሩት ተቀብላ ቀዝቅዞ እንዲቆይ እርጥብ አሸዋ የሞላው ማሰሮ ውስጥ ልትቀብረው ስትል፣ ጋሽ ደጀን "መጀመሪያ የዛሬዬን" አሏት። በረንዳ ላይ ወጥተው ሸሚዛቸውን ገለጡና ሆዳቸውን ወጉ።

አንዷ እልል አለች። ከዚያ ሁሉም አቀለጠው። ኧረ ለመርፌ እልልታ የት አገር ታይቷል!

ጋሽ ደጀን እየሳቁ እንባቸው ወረደ። "ብቻዬን የምሞት መስሎኝ ነበር" አሉ።

"ማን ፈቅዶልዎት? የልጄን የዒድ ቀሚስ ሳይጨርሱ!" አልኳቸው።

ማሩንማ እኔው ወሰድኩት፣ ዋጋዬ ነው። ቤቴ ገብቼ ሳልቀመጥ በአጥሩ በኩል የስፌት መኪናቸው ሲንጫጫ ሰማሁ።