ለእንግዳ ከደህናው ልጅ

ሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሳለሁ የጥናት አማካሪዬ፣ «አንተ የሐይቅ ልጅ አይደለህ? የቢልሃርዝያ ጥናቱን ከአገርህ ጀምርልኝ» አሉኝ። ማይክሮስኮፕ በወጉ ነክቼ አላውቅም። «አብሽሩ ዶክተር!» አልኩ። የወሎ ልጅ አልችልም ማለት አይሆንለትም።

ላብራቶሪ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን «አገኘሁ!» ብዬ ጮህኩ። አማካሪዬ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «እንኳን ደስ ያለህ፤ የአየር አረፋ ነው» አሉኝ። ቀጥዬ ያገኘሁት የገዛ ሽፋሽፍቴን ነበር።

አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ባለች መንደር ቤት ለቤት ዞሬ፣ በየልጁ ቁጥር የሰገራ ናሙና መያዣ አደልኩ። አቀባበላቸውማ ምኑ ይወራል! አንዲት የሦስት ልጆች እናት ገና ከመቀመጤ እርጎ አቀረቡልኝ። ትንሿ ልጃቸው በአንድ እጇ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሆዷን ይዛ አስታጠበችኝ። እኔ እርጎዬን ጠጣሁ። በነጋታው ሦስቱም መያዣዎች ተሞልተው፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው ጠበቁኝ።

ውጤቱ ግን ጉድ ነው፤ ከመንደሩ ሁሉ አንዲት የቢልሃርዝያ እንቁላል እንኳ ጠፋች። አማካሪዬ ራሳቸው ደግመው አዩት፤ ያው ነው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጤና ጣቢያው ሆዱን በሚያመው ልጅ ተጨናንቋል፤ ያንተ መንደር ጀነት ነው? ይኼን ከየት አመጣኸው? እስከ ዓርብ ካላስረዳኸኝ ከጥናቱ ትወጣለህ።»

ቀልዳቸው የት እንደገባ እንጃ። ፈራሁ። በማግስቱ ባጃጅ ይዤ እርጎ ያቀረቡልኝ እናት ዘንድ ከተፍ አልኩ።

«እማማ፣ ያ ናሙና የማን የማን ነበር?»

«የትልቁ ነዋ።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም! ኧረ በአላህ! ያገር ልጅ፣ የተማረ እንግዳ ቤቴ መጥቶ ከታመመው ልጅ ይሰጠዋል እንዴ? ነውር አይደል? ጎረቤቶቼንም የመከርኳቸው እኔ ነኝ» አሉ ኮራ ብለው።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኔ ጭራሽ ናሙናው ለምን እንደሚያስፈልገኝ እንኳ አልነገርኳቸውም ነበር፤ እርጎው አፌን ሞልቶት። አሁን ቁጭ ብዬ አስረዳሁና ከየልጁ እንደ አዲስ ሰበሰብኩ።

ዓርብ ዕለት ጎኗ ላይ እሾህ ያላት የቢልሃርዝያ እንቁላል አየሁ። ትንፋሼን ይዤ አማካሪዬን ጠራኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩና፣ «አሁንስ አገኘህ» አሉኝ። በደስታ እስክስታ ልወርድ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ናሙናው ያረፈበት መስታወት ላይ የተጻፈውን ስም አነበብኩ፤ የትንሿ ልጅ ነው።

ከጤና ጣቢያው ባለሙያ ጋር መድኃኒቱን ይዘን ሄድን። እናትየው ክኒኑን አስውጠዋት ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷንማ ካመማት ከረመ። ያን ቀን ስታስታጥብህ ሆዷን ይዛ አላየሃትም? እኔኮ ሐኪሙ አይቷት ዝም ካለማ ክፉ በሽታ አይደለም ብዬ፣ አልሃምዱሊላህ አልኩ።»