ከፍ አድርጌ ያሰርኩት መብራት

ታናሽ ወንድሜ ያቺን ቀይ መኪና ከአዲስ አበባ ያመጣት በጭነት መኪና ላይ አስጭኖ ነው። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው የስፖርት መኪና ነበረች። የጎንደር ኮብልስቶን ላይ ስትሄድ ከሥሯ የሚሰማው ፍጭርጭርታ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ወንድሜ ግን የፈለጋት ለፍጥነቷ አልነበረም፤ ለሙሽራ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ሲበዛ አበባ ተለጥፎባት ከተማውን ስትዞር፣ መንገደኛው ከሙሽሮቹ ይልቅ እሷን ፎቶ ያነሳ ነበር።

እኔ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የምሠራው ቀሐ አካባቢ፣ ከወንዙ ብዙ በማይርቅ አንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። መኪናዋን ገና ሳያት ዓይኔ ያረፈው የፊት መብራቷ ላይ ነበር። ክዳኑ በፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆኖ ደፍርሷል፤ ብርሃኑ ከአፍንጫዋ ብዙም አይርቅም።

"ይሄን በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ አሽቼ አጠራልሃለሁ" አልኩት። "የግማሽ ቀን ሥራ ነው።"

"አይ፣ እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው" ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። በየመብራቷ ዙሪያ ነጭ የብርሃን ቀለበት ያላት፣ መሃሉ ላይ እንደ ዓይን ብሌን የሚያበራ ክብ መስታወት የተገጠመላት መኪና አሳየኝ። እውነት ለመናገር ታምር ነበር።

ዕቃው ታዝዞ በአውቶቡስ መጣ። በካርቶኑ ውስጥ በቻይንኛ የተጻፈ ወረቀት ነበረው፤ እኔ ሥዕሉን ብቻ ነው ያነበብኩት። የድሮውን መብራት ክዳን ለመክፈት በዙሪያው ያለው ማጣበቂያ በሙቀት መላላት አለበት። እኔ ደግሞ ምድጃ የለኝም። ስለዚህ የጠዋቱ ዳቦ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ሁለቱን መብራቶች ታቅፌ ዳቦ ቤት ወዳላት ጎረቤቴ ሄድኩ።

"ይሄ ደግሞ በስንት ደቂቃ ነው የሚበስለው?" አለችኝ።

"ማጣበቂያው እስኪለሰልስ ነው። ካለፈ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።"

"እኔ የማውቀው ዳቦ ነው። ራስህ ቆመህ ጠብቅ።"

ቆሜ ጠበቅኩ። ክዳኑን በካቻቢቴ ዙሪያውን እየፈለቀቅኩ ከፈትኩት። ቀለበቶቹን አሰርኩ፣ መስታወቶቹን አስገባሁ፣ ሽቦውን በአዲስ ፊውዝ አሳለፍኩና መልሼ አሸግኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ኮፈኑን ዘግተን መብራቱን ስናበራ የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አየ። እኔም ኮራሁ፤ ያን አልደብቅም።

የቀረው ብርሃኑን ማስተካከል ነበር። አመሻሹ ላይ መኪናዋን ከጀርባችን ካለው ረጅም ግንብ ፊት አቆምናት። ብርሃኑ ግንቡ ላይ ሲያርፍ ላዩ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። ያ መስመር ከመብራቱ ቁመት ዝቅ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ዝቅ አድርጌ አሰርኩት።

ወንድሜ ራቅ ብሎ ቆሞ ሲያይ ቆየና "ትንሽ ከፍ አድርገው" አለ።

"ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።"

"ሰርግ እኮ በቀን ነው። በቀን የማንን ዓይን ይወጋል? ቪዲዮው ላይ እንዲታይ ነው።"

አባታችን ሲሞቱ እሱ ገና ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሱን እምቢ ማለት አልሆነልኝም። እምቢ ማለት ሲገባኝም አይሆንልኝም። ካቻቢቴውን የመብራቱ ማስተካከያ ብሎን ላይ አድርጌ አዞርኩት። መስመሩ ግንቡ ላይ ከፍ አለ። "ሸጋ ነው፣ በቃ" አለኝ።

በዚያው ሳምንት እሁድ ሙሽራ ልናመጣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣን። አዲስ ሽቦ ስለሆነ ድንገት ቢበላሽ ብሎ ወንድሜ እኔንም ከጎኑ አስቀመጠኝ። ሙሽራዋንና ሙሽራውን በዚያች ጠባብ የኋላ መቀመጫ ማስገባት ራሱ አንድ ሥራ ነበር፤ ቬሎው እየታጠፈ፣ ሚዜዎቹ እየገፉ፣ ሁሉም እየሳቀ። ከኋላችን ሁለት ሚኒባስ ሚዜና ዘመድ ጭኖ ተከተለን። ወደ ጎንደር መልስ ስንጀምር አሥር ሰዓት ገደማ ነበር።

ብዙ ሳንርቅ ጉም ወረደብን። የወገራ ጉም ሲመጣ አይጠይቅም፤ አሁን የነበረው ማሳ አሁን የለም። ወንድሜ መብራቱን አበራ። ብርሃኑ መንገዱን በማሳየት ፈንታ ጉሙ ላይ አርፎ ነጭ ግድግዳ ሆነብን።

"አጥፋው" አልኩት።

"ባጠፋው ከፊት የሚመጣው አያየንም።"

ሁለታችንም ትክክል ነበርን። እሱ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ በእግር ከሚሄድ ሰው አንፈጥንም ነበር። እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ የአስፋልቱን ጠርዝ እያየሁ "ግራ፣ ቀጥ" እለዋለሁ። ሙሽራዋ ከኋላ "ምነው ብንቆም?" አለች። ልንቆም ነበር። ልክ በዚያ ቅጽበት ከግድግዳው ውስጥ የበቅሎ ራስ ወጣ።

ኮርቻ የተጫነች ግራጫ በቅሎ ነበረች። አንድ ሽማግሌ በልጓሟ እየሳቡ በመንገዱ ዳር ይመጣሉ። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲያርፍ በኋላ እግሯ ቆመች፤ ልጓሙን ከእጃቸው ነጥቃ ወደ ጎን ዘለለች። ከመንገዱ ጠርዝ በታች ገደል ባይሆንም ድንጋይ የበዛበት ቁልቁለት ነው። ድንጋዩ ሲንከባለል ሰማሁ፤ ከዚያ ዝም አለ። መኪናዋ አልነካቻትም።

ወርጄ ሮጥኩ። በቅሎዋ በጎኗ ተኝታ ለመነሳት ትሞክራለች፤ የፊት እግሯ ከጉልበቷ በታች ዞሯል። ሽማግሌው ከእኔ ቀድመው ወርደው አንገቷን አቅፈው "ተይ፣ ተይ ልጄ" ይሏታል። ኮርቻውን አብረን ፈታንላት። ሌላ ላደርግ የምችለው ነገር አልነበረም። ዕድሜዬን የተበጠሰ ሽቦ ስቀጥል ነው የኖርኩት፤ እዚያ ቆሜ እጄን የማደርግበት አጣሁ።

"ምንድን ነው ያ ብርሃን?" አሉኝ ሽማግሌው ቀና ብለው። አልተቆጡም። እንዲያው ሊያውቁት ፈልገው ነው የጠየቁት።

"የመኪና መብራት ነው፣ አያ።"

"የመኪና መብራት አውቃለሁ" አሉ።

ከላይ ሚኒባሶቹ ክላክስ ያደርጋሉ፤ የሆነውን አያውቁም። ወንድሜ ጠርዙ ላይ ቆሞ ያየናል። ወጥቼ "ሙሽሮቹን አድርስ። ትልቁን መብራት አጥፋና በቀለበቱና በፍሬቻው ብቻ ሂድ። እኔ እቀራለሁ" አልኩት። ወደ መኪናዋ ተመልሶ ነድቶ ሄደ። ሙሽራዋ ስታለቅስ በመስታወቱ አየኋት።

ሽማግሌው ሚስታቸውን ከጠበል ሊያመጡ እየሄዱ እንደነበር የነገሩኝ ያኔ ነው። ሴትየዋ ዳሌያቸውን ታመው በእግራቸው ብዙ አይሄዱም፤ ቤተክርስቲያንም ገበያም የሚወስዳቸው ይህችው በቅሎ ነበረች። "እዚያ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች" አሉ።

"የእንስሳት ሐኪም ላምጣ" አልኳቸው።

በቅሎዋን አዩ፣ እኔን አዩ። "ሂድ እንግዲህ" አሉኝ። ጥቅም እንደሌለው ያውቁ ነበር፤ እኔን ከዚያ ለማራቅ ይመስለኛል የላኩኝ።

ስልኬ አልሠራ አለ። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ግማሽ እየሮጥኩ ግማሽ እየተራመድኩ ተመለስኩ። የሐኪሙን ቤት አሳዩኝ፤ የከፈተችልኝ ሴት እሁድ ጎንደር እንደሚሆን ነገረችኝ። መድኃኒት ቤቱ ዝግ ነበር። አንድ ሰው "በቅሎ እግሯ ከተሰበረ ምን ሐኪም አለው ብለህ ነው?" አለኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ከጉሙ ውስጥ አንድ ተኩስ ሰማሁ። መጀመሪያ የሰርግ ተኩስ መሰለኝና ሁለተኛውን ጠበቅኩ። አልተደገመም።

ስደርስ ጎረቤቶች መጥተው ነበር። አንደኛው መሣሪያውን ትከሻው ላይ እየመለሰ ነው። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው ኮርቻውን ታቅፈው ቆመዋል። ሌሎቹ ሚስታቸውን ከጠበሉ የሚያመጡበት ቃሬዛ ያስራሉ። ልሸከም ብዬ ጠጋ ስል አንዱ "አንተ ወደ ሰርግህ ሂድ" አለኝ። ሽማግሌው "ተወው፣ ይሸከም" አሉ። ተሸከምኩ።

በማግስቱ ወንድሜ መኪናዋን አምጥቶ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። እኔም ብርሃኑን ዝቅ አደረግኩት። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ሽማግሌዎች ገብተው ከበቅሎዋ ባለቤት ጋር ታረቅን። ወንድሜ ሌላ በቅሎ ገዛ፤ ወጣት፣ ጠንካራ፣ ሰው ሁሉ ያደነቃት። ይዘናት ስንሄድ አያ በደንብ ተቀበሉን፣ ጠላ ቀዱልን፣ መረቁን። ሚስታቸው እማማ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። አዲሷን በቅሎ በበሩ በኩል ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

"ሸጋ በቅሎ ናት" አሉ። "እኔ ግን አልወጣባትም።"

"ትለምዳለች እማማ" አለ ወንድሜ።

"እሷ ትለምድ ይሆናል። ያችኛዋ እኮ ስወጣባት እንደሚያመኝ ታውቅና ትቆምልኝ ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "መብራቱን የሠራኸው አንተ ነህ አሉ።"

"አዎ፣ እማማ።"

"ምነው እንዲያ አድርገህ ሠራኸው?"

ወንድሜ አቀርቅሮ ነበር። እሱ ከፍ አድርገው ስላለኝ ነው ብል እውነት ነው። ግን ብሎኑን ያዞረው የእኔ እጅ ነው፤ ምን እንደሚያመጣም ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። አያ ዋንጫዬን ሞሉና "ጠጣ እንጂ" አሉኝ፤ ጠጣሁ።

አሁን በየበዓሉ እደውልላቸዋለሁ። አያ ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ ያወሩኛል፤ አዲሷ በቅሎ እህል ተጭና ገበያ እንደምትሄድም ይነግሩኛል። "እማማስ?" እላለሁ ሁልጊዜ።

"አለች፤ እቤት ናት" ይሉኛል።