ለሽብሩ የመረጥኩለት መኪና

ይህን ለንስሐ አባቴ አልተናዘዝኩም። ለልጄም አልነገርኩም። ለእናንተ ለማታውቁኝ መናገር ስለቀለለኝ ነው የምጽፈው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ያደረግኩትን ለመጻፍ ግን ይበቃል።

የባሌ ታናሽ ወንድም ሽብሩ መኪና ሊገዛ ሲል ምክር የጠየቀው እኔን ነው። ያሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ሳላውቅ አይደለም።

ባሌ ሲሞት ልጄ መሰረት ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ጉራጌ አገር፣ ቸሃ፣ ከቤታችን ጓሮ ያለውን እንሰት የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ከቦታ ቦታ እያዛወርኩ፣ ፍግ በጀርባዬ እየተሸከምኩ ሰባት ዓመት አሳደግኩት። ሊደርስ ሲል ሽብሩ ሽማግሌዎች ፊት ተነስቶ፣ «ወንድ ልጅ ያልወለደች ሴት እንሰት ምን ያደርግላታል?» አለ። የተቃወሙት አማቴ አባባ ብቻ ነበሩ፤ የሰማቸው የለም፤ እንሰቱ ለሽብሩ ተፈረደ። በሳምንቱ የሽብሩ ሚስት እንሰቴን ስትፍቅ አየሁ። ልጄን ይዤ ወልቂጤ ገባሁ።

መሰረት አድጋ አዲስ አበባ መኪና መሸጫ ተቀጠረች። ሽብሩ ያኔ ነው የቤቴን በር ያወቀው።

«የመሰረት እናት፣ አንቺ ጠንቃቃ ነሽ። የሚሻለኝን ልጅሽን ጠይቂልኝ» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ በር ሁለቴ ሳልፈትሽ ተኝቼ አላውቅም። እሱንም እንደዚያው ፈተሽኩት። መኪናው የት ያድራል? ምን ትጭናለህ? ማንን ታሳፍራለህ? ከቡታጅራ ዕቃ ጭኖ አገና ገበያ እንደሚያራግፍ፣ በየሳምንቱ ቸሃ አባባ ጋ እንደሚያድር ነገረኝ። እዚያ ደግሞ መብራት የሚጠፋበት ቀን ከሚበራበት ይበዛል።

መሰረት በስልክ ሁሉንም ሰምታ አላመነታችም። «እማ፣ ለእሱ ቻርጅ እየተደረገ በቤንዚንም የሚሄደው ሃይብሪድ ነው የሚሆነው። ባትሪ ብቻ ያለው ከተማ ለሚውል ሰው ነው። እሱን መንገድ ላይ ያስቀረዋል።»

ያስቀረዋል። ይህን ቃል ወደድኩት። ሽብሩ ሰው ፊት መኪናውን ሲገፋ ታየኝ። በማግስቱ፣ «ባትሪ ብቻ ያለውን ግዛ ብላለች፤ ከነዳጅ ሰልፍም ትገላገላለህ» አልኩት። አመስግኖኝ ሄዶ ገዛው።

ለመስቀል አባባን ልጠይቅ በዚያው መኪና ወጣሁ። ቸሃ መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነበር። ሽብሩ ግን ዘመድ ሁሉ መኪናውን ይይለት ብሎ አገና ድረስ ሲያመላልስ ዋለ። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ የባትሪው ቁጥር ሲወርድ አያለሁ። ተው ማለት አልችልም ነበር? እችል ነበር። አላልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ከበር ወደቁ። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ፤ አፋቸው ተጣመመ። ሁሉም መኪናውን አምጣ አለው። ሽብሩ ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። «አልቋል» አለ ቀስ ብሎ።

ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመዋቸው አስፋልት ደረሱ፤ ሚኒባስ እስኪገኝ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ሐኪሙ ቶሎ ብትደርሱ ይሻል ነበር አለን። ያኔ ሽማግሌዎች ፊት ለእኔ የተናገሩበት አንደበት በዚያው ተዘጋ። ሽብሩ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ አየሁት። ልንገራችሁ? ለአባባ እያለቀስኩ፣ በእሱ እንባ ግን ጠግቤ ነበር። ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ነበሩ። እንዲህ ያለች ሴት ምን ትባላለች?

ዘንድሮም ለመስቀል ሄድኩ። አባባ በግራ እጃቸው ራሴን ዳስሰው ያለ ቃል መረቁኝ። ምርቃቱን ሰርቄ የወሰድኩት መሰለኝ።

እሳቸውን ይቅርታ እለምናለሁ። ሽብሩን አልለምንም። የእንሰቴ ነገር ዛሬም ያቃጥለኛል፤ ይህን ብደብቅ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር። መኪናውን ሊለውጥ ነው። «ያኔ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር ይኖራል። አሁን ሁሉንም ልንገርሽና መሰረትን ጠይቂልኝ» አለኝ። እጠይቅልሃለሁ ብዬ ሸኘሁት።

መልሱን ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያው በቤንዚንም የሚሄደው ነው። አባባም ዛሬም እዚያው ቸሃ ናቸው። እኔ ግን እስካሁን አልነገርኩትም።